ጽርዕ ያጠና ተሳፋሪ

ከደባርቅ ጎንደር መሄድ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው። ይግዛው እባላለሁ፤ መናኸሪያው ላይ ተራ አስከባሪ ነኝ። መምህርም ይሁን ነጋዴ፣ ቢሮው ውስጥ በማኅተም የሚያዝ ሹምም ቢሆን፣ እዚህ ግቢ ከገባ በኋላ "ግባ" እስክለው ድረስ ውጭ ይቆማል። ይህን ሥራ የሚንቅ አለ። የሚንቁት መኪና በማይፈልጉበት ቀን ነው።

ደንባችን ቀላል ነው። ማልዶ የመጣ ሰው ከግንቡ ጥግ ድንጋይ ያስቀምጣል። ያ ድንጋይ ሰውዬው ነው። ሰውዬው ሻይ ሊጠጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም፣ ዘመድ ሊጠይቅ ቢሄድ ድንጋዩ ቆሞ ይጠብቅለታል። ጭነት ያለው ጆንያውን ያስቀምጣል፤ ጫማውን አውልቆ ያስቀመጠም አይቻለሁ። የሰው ድንጋይ ያነሳ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው። ያለ ተራ የሚገባ ለቀስተኛ ነው፣ ጸበል የሚሄድ በሽተኛም ነው፤ እሱንም እኔ አይቼ ነው። ወንበር ሲጠፋ የሚታመም ሰው ብዙ ነው።

ወንድሜ ሀብተ ሚካኤል ይህን ደንብ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

ወንድሜ ስል በእናት ነው። እናታችን ገበያነሽ እኔን የወለደችው ከገበሬ ነው። አባቴ ሲሞት መሪጌታ ኪዳነ ማርያም አገቧትና ድብ ባሕር ወሰዱን፤ እዚያ ሀብተ ሚካኤልን ወለደች። እኔ ስድስተኛ ክፍል ስደርስ እንጀራ አባቴ አንድ ቀን እራት ላይ "ከአንድ ቤት አንድ ተማሪ ይበቃል፤ በሬው ሰው ይፈልጋል" አሉ። ተማሪ ያሉት እኔን መስሎኝ ነበር። ሀብተ ሚካኤል ያን ጊዜ ገና አፉን ያልፈታ፣ እናቱ ጀርባ ላይ የሚያንቀላፋ ሕፃን ነው። ማንበብ የምችለው እኔ በሬ ተከተልኩ፣ እሱ ሳይናገር ተማሪ ተባለ። እናቴ ወጡን ማማሰሏን ቀጠለች።

እሱ ታዲያ ተማረ። ዳዊት ደገመ፣ ዲቁና ተቀበለ፣ አስኳላውንም ጨረሰ። ከዚያ አዲስ አበባ አንድ የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ጀርመንኛና የመጽሐፍ ቅዱስ ግሪክ ነው የሚያጠናው። ደባርቅ ላይ ሰው "ወንድምህ ምን ይማራል?" ሲለኝ መጀመሪያ በኩራት ነበር የምነግረው። "ግሪክኛ" ስል "ታዲያ ሲጨርስ ምን ያክማል?" ይሉኛል። እናቴ ግን ገብቷታል። "ሐዋርያት ወንጌልን የጻፉበት ነው፤ እኛ ጽርዕ የምንለው" ትላለች፣ ከባሏ የሰማችውን።

በመጀመሪያው እረፍት ሲመጣ ግቢው ውስጥ እየተንጎራደደ ለብቻው ያነበንብ ነበር። ጀርመን ዘንድ ጠረጴዛ ወንድ ነው፣ መብራት ሴት ናት፣ ልጃገረድ ግን ወንድም ሴትም አይደለችም ብሎ ነገረን። እናቴ እስክታነባ ሳቀች። እኔም ስቄያለሁ። ያንን መናኸሪያ ላይ ለሹፌሮቹ የነገርኩትም እኔው ነኝ። እስከዚያ ድረስ ምንም አልነበረብኝም።

የመሪጌታው ተዝካር ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ከዩኒቨርሲቲው ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ዳሱ ውስጥ ከፊት አስቀመጥናቸው። እኔ ከጎህ ጀምሮ በሬ ያረድኩ፣ እንጨት የፈለጥኩ ሰው፣ በላብ በራሰ ሸሚዝ ጠላ አዞርላቸው ነበር። አንዱ ጠጉሩን ያጎፈረ ልጅ ጽዋውን ዘረጋልኝና በአማርኛ "የቤቱ ሠራተኛ በርታ" አለኝ። ሀብተ ሚካኤል አጠገቡ ነው። ሰምቷል። "ወንድሜ ነው" ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? ወደ ልጁ ዞሮ በጀርመንኛ አንድ ነገር ተናገረ፣ ሁሉም ሳቁ።

"ምን ተባባላችሁ?" አልኩት።

"ተወው፣ ለአንተ አይገባህም" አለኝ።

ማሰሮውን ይዤ ወደሚቀጥለው ረድፍ አለፍኩ። ምን ነበር የተባባሉት? ስለ እኔ ላይሆን ይችላል። ይኸው እስከ ዛሬ አላወቅኩትም። እሱ ደግሞ ማግስቱን ረስቶታል፤ የሚገርመው ይኼ ነው። ጥርስ የነከሰው ሰው አይረሳም፣ የነከሰው ጥርስ ግን ወዲያው ሌላ ያኝካል።

ዘንድሮ ጾም ሊገባ ሲል እናቴ ታመመችና ሊጠይቃት መጣ። እሱ ድብ ባሕር እያለ መንገድ ተዘጋ። መንገዳችን እንዴት እንደሚዘጋ የሚኖርበት ያውቀዋል፤ ሌላው ቢነገረው አያምንም። ስልክም አብሮ ይጠፋል። እናታችን ተሻላት፣ መንገዱ ግን አልተሻለውም። በመጨረሻ እንደምንም ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ እኔ ቤት ገባ። ከስቷል። ምሳ ስንበላ ነገሩን ለእኔና ለባለቤቴ ለዝናሽ ዘርዝሮ ነገረን። ዩኒቨርሲቲው ጀርመን አገር የሚልከው አንድ ተማሪ ነው። ፈተናው በሁለቱም ቋንቋ ነው፣ ከመምህራኑ ፊት ቀርቦ በቃል የሚመለስ። ያልቀረበ ሰው ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል፤ ምክንያት አይጠየቅም። እዚያ ሄዶ የጥንት ብራና የሚያነብ ሊቅ መሆን ነው ሐሳቡ።

"ሌላ ጊዜ አይሰጡህም?" አለችው ዝናሽ።

"አይሰጡም እትዬ። ይህ ካለፈኝ አለፈኝ።"

በማግስቱ መንገድ ተከፈተ ተባለ። ለስንት ሰዓት እንደሆነ ማን ያውቃል። ግቢው ውስጥ ነዳጅ ያለው የሹፌሩ የሙሌ ሚኒባስ ብቻ ነው። እኔ ከቤት ስወጣ ዝናሽ "ሀብቴ፣ ተነስና ሄደህ ድንጋይ አስቀምጥ፤ ዛሬ ሰው ይበዛል" ስትለው ሰማሁ።

"ጋሼ እያለ እኔ ድንጋይ ልሸከም?" አላት፤ ሳቀም።

ጋሼ። ዳሱ ውስጥ ይህ ስም የት ሄዶ ነበር? ለወንበር ሲሆን መጣ።

መናኸሪያው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ በላይ ሞልቷል። ድንጋዩ ከግንቡ ጥግ ተነስቶ እስከ በሩ ተሰልፏል። ነጭ ሽንኩርት ነጋዴዋ ፍቅርአዲስ ጆንያዎቿን ከድንጋዮቹ መሀል አቁማለች። ሀብተ ሚካኤል ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ፣ ሰልፉን አየ፣ እኔን አየ፣ እጁን አውለበለበልኝና ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ገባ። መጽሐፉን ሲገልጥ ከቆምኩበት ይታየኛል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ እያየ መንገዱ እንዳይዘጋ ስለት ሲሳል፣ እሱ ማር የሚልስ ይመስል ነበር።

ማስገባት ጀመርኩ። ዳባት የሚሄዱ ለቀስተኞች ነበሩ፣ አስቀደምኳቸው። አባ ቴዎፍሎስም መጡ፤ ዳባት በኩል መጽሐፍ የሚያስተምሩ፣ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው መነኩሴ ናቸው። እሳቸው ድንጋይ አላስቀመጡም። ግን እሳቸውን ማን ተራ ይጠይቃል? "ይግቡ አባ" ብዬ መስኮቱ ጥግ አስቀመጥኳቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ከዚያ በተራው።

መኪናው ሊሞላ ሲል ሀብተ ሚካኤል መጽሐፉን አጥፎ መጣ።

"ጋሼ፣ የቱ ጋ ልግባ?"

"ድንጋይህ የታለ?"

ፈገግ አለ። የቀለድኩ መስሎታል። "የምን ድንጋይ?"

"የተራህ ነዋ። ከነዚህ ውስጥ ያንተ የቱ ነው?"

"አንተ እያለህ ድንጋይ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው።"

"እኔ ድንጋይ አይደለሁም" አልኩት።

ሙሌ መሪውን ተደግፎ ሳቀ። የሀብተ ሚካኤል ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ጎንደር ካልገባሁ የነገው አውሮፕላን ያመልጠኛል። እሱ ካመለጠኝ ፈተናው አለቀ።"

"ነግረኸኛል።"

"እና?"

"እና እነዚህም ሰዎች ናቸው። ከጨለማው ጀምሮ ቆመዋል። አንተ ሻይ ቤት ነበርክ።"

"ሙሌ አጠገብ ተደርቤም ቢሆን እሄዳለሁ። መሬት ላይ እቀመጣለሁ።"

"ኬላ ላይ ትርፍ ሰው ካዩ መኪናውን ይመልሱታል። ለአንተ ብዬ ይህን ሁሉ ሰው ላስመልስ?"

ይህን ሆን ብዬ ጮክ አድርጌ ነው የተናገርኩት። ሰልፉ ሰማ። "ልክ ነው" የሚል ድምፅ መጣ ከኋላ። እንግዲህ ከእኔ ጋር ብቻ አልነበረም ጉዳዩ።

ሙሌ አንገቱን በመስኮት አወጣ። "ይግዛው፣ ይሄ ያ ጀርመኑ ወንድምህ አይደል?"

"የእናቴ ልጅ ነው።"

"አንተ ጀርመን፣ ልጃገረድ ወንድም ሴትም አይደለችም የምትሉት እናንተ ናችሁ?"

"እነሱ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም" አለ ሀብተ ሚካኤል፣ አይኑን ከእኔ ሳይነቅል።

"ታዲያ ሲያገቡ ምን አገባን ይላሉ?"

ሰልፉ ሳቀ። የደከመው ሰው በትንሽ ነገር ይስቃል። ሀብተ ሚካኤልም ለመሳቅ ሞከረ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ" አለኝ።

"እኔን ለምን ትለምናለህ? ወንበሩ የነሱ ነው፣ እነሱን ለምን" አልኩት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞርኩ። "ጎበዝ፣ ይህ ልጅ በክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ጽርዕ ተምሯል። ወንጌል የተጻፈበትን። ያሰማችሁና ደስ ያለው ሰው ተራውን ይልቀቅለት። ምን ትላላችሁ?"

"ያሰማን" አሉ።

አየኝ። እንዲህ አይቶኝ አያውቅም። ከዚያ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠና የጌታን ጸሎት በግሪክኛ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። አንድ ሁለቱ "ኧረ አንሳው፣ አልሰማንም" ብለው ቀለዱ። ወዲያው ግን ውስጡ ያለው ዲያቆን ወጣ። የቅዳሴ ድምፅ አለው፤ ከአባቱ የወረሰው ነው። ወያላዎቹ እንኳ መጣራቱን ተዉ። አንዲት ሴትዮ ሳታስበው አማተበች። ከፊት የቆመው ጎልማሳ ድንጋዩን ቁልቁል አየ፣ ሊለቅ ነው። አየሁት። ሊለቅለት ነበር።

"ኪርያላይሶንስ?" አልኩት ቶሎ ብዬ። "ለሰዉ ንገር እስቲ። ኪርያላይሶን የማን ቃል ነው?"

ከዓመታት በፊት አንድ ስቅለት ማግስት የነገረኝ እሱ ነው። በሕይወቴ ሙሉ እየወደቅኩ እየተነሳሁ ያልኩትን ቃል ግዕዝ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ደባርቅ ላይ ግዕዝ ነው ብሎ የማያምን ጥቂት ነው።

ቢዋሽ ኖሮ ይሄድ ነበር። እንዲያ ያለ ትምህርት ግን መዋሸት አያስተምርም።

"ግሪክኛ ነው" አለ። "አቤቱ ማረን ማለት ነው።"

"የስቅለቱ?" አለች ያማተበችው ሴትዮ።

"አዎ እናቴ። ከእነሱ የመጣ ነው።"

"ከነማን? ከፈረንጆቹ?"

"ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ..." ብሎ ጀመረ፤ ማን ሊጨርስለት።

"ስንሰግድ የኖርነው በፈረንጅ ቋንቋ ነው በለና" አለ አንዱ። ሌላው "ዩኒቨርሲቲው የማን ነው?" ብሎ ጠየቀ። ከኋላ መልስ መጣ፦ "የነሱ ነዋ። ልጁን ሠርተውታል። ጴንጤ ነው።" ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ አየሁት፣ እንደ ሳር እሳት። ጎልማሳው ዓይኑን ከድንጋዩ አነሳ።

ሀብተ ሚካኤል ወደ መኪናው መስኮት ሮጠ። "አባ ቴዎፍሎስ፣ እርስዎ ያውቁታል። መጽሐፍ ሲተረጉሙ 'በጽርዕ እንዲህ ይላል' ይሉ የለም እንዴ? ይንገሯቸው አባ። አንድ ቃል ይናገሩልኝ።"

አባ አዩት። ያውቃሉ። እኔ የማውቀውን እሳቸው እንዴት አያውቁም? ከዚያ እኔን አዩኝ፣ የመኪናውን በር አዩ፣ ያለ ድንጋይ የተቀመጡበትን ወንበር በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉ።

"ልጄ፣ እኔ ደካማ ሰው ነኝ" አሉ። "መንገድ እግዚአብሔር ይከፍታል።" ነጠላቸውን አፋቸው ላይ መለስ አድርገው ወደ ማዶ ዞሩ።

የልጁን ክንድ ይዤ ከመስኮቱ አራቅኩት። አልታገለኝም።

ሰዉን አስገብቼ ስጨርስ አንድ ድንጋይ ባለቤት አጣ። ጠራሁ፣ ደግሜ ጠራሁ፣ ሰው የለም። አንድ ወንበር ቀረ። ግቢው ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው። ጴንጤ ያለው ሰው ሳይቀር "አሁንማ ይግባ" በሚል ፊት ነበር የሚያየኝ። ሀብተ ሚካኤል ቦርሳውን አንስቶ ደረቱ ላይ አቅፏል።

"ከዚህ ድንጋይ ቀጥሎ ያለው ምንድን ነው?" አልኩ።

ሄጄ በእግሬ ነካሁት። የፍቅርአዲስ ጆንያ ነው።

"ፍቅርአዲስ፣ ጆንያሽን አምጪ፣ ወንበር ላይ ይግባ። የሰው ሒሳብ ትከፍያለሽ።"

"ይግዛው፣ ሰው ቆሞ?" አለች። "ሽንኩርቱ ነገም ይደርሳል። ልጁን አስገባው።"

"ጆንያው ተራ ይዟል።"

"በማርያም፣ ወንድምህ አይደለም እንዴ?"

"የእኔ ወንድም ቢሆን ደንቡን ያውቅ ነበር። ታስገቢዋለሽ ወይስ አንቺም ትወርጃለሽ?"

አስገባችው። ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ እያቃሰተች፣ ጆንያውን አባ ቴዎፍሎስ አጠገብ አቆመችው። በሩን ዘጋሁና ጣራውን መታ መታ አደረግኩ። ሙሌ አነሳው። ሀብተ ሚካኤል ተከትሎ አልሮጠም፣ አልጮኸም። መኪናው ታጥፎ እስኪጠፋ ቆሞ አየ። ከዚያ ቦርሳውን ወደ ትከሻው መልሶ በእኔ በኩል ሳያልፍ በሌላው በር ወጣ።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ።

ማደሪያ የለውም፤ ወደ እኔው ቤት ነው የመጣው። ዝናሽ ነገሩን ገበያ ላይ ሰምታ ኖሯል። ለእሱ ራት አቀረበች፣ ለእኔ ሰሃኑን ወርውራ ሄደች። እሱ አልቀመሰም። ስልክ የሠራ ዕለት መምህሩ ደወለለት። በጀርመንኛ ነው የተነጋገሩት። አብዝቶ ያዳምጣል፣ ጥቂት ይመልሳል። ሲጨርስ ዝናሽ "ምን አሉህ?" አለችው። "ለሌላ ሰጡት" አላት። ወጥቶ ከግቢው በርሜል ውሃ ቀድቶ ፊቱን ታጠበ፣ ቆይቶ ደግሞ ታጠበ።

ወሬው መንገድ እስኪከፈት ሳይጠብቅ ድብ ባሕር ደረሰ። የእናቴ የጽዋ ማኅበር ሴቶች የእሷን ወር ዘለሉባት። "የጴንጤ እናት ቤት ጽዋ አይጠጣም" ብለው ነው። ደውላ "ልጄን ምን አልከው?" አለችኝ። እኔም ልጅሽ ነኝ አላልኳትም። ጴንጤ ነው ብያለሁ? አላልኩም። የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው። የመለሰው እሱ ነው። ይህንኑ ነገርኳት፤ ስልኩን ዘጋችው፣ ወይ ኔትወርኩ ጠፋ።

በዚያ ሰሞን መጽሐፎቹን ሲገልጥ አላየሁትም። ጠዋት ለዝናሽ እንጨት ይፈልጥላታል፣ ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ቤት ስገባ ይነሳልኛል። ሲናገረኝ "አዎ" እና "አይ" ብቻ ነው።

መንገዱ እንደገና ሲከፈት፣ እኔ ራሴ ነኝ አስቀድሜ የነገርኩት። መናኸሪያው ላይ የሙሌን ጋቢና አስለቅቄ ጠበቅኩት። ሲመጣ በሩን ከፈትኩለት።

"ፊት ግባ" አልኩት። "እዚህ ይመችሃል።"

ቆመ። ራሱን ዝቅ አደረገ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው።

"አይቸገሩ፣ አቶ ይግዛው" አለኝ። "ስላሳደሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወይዘሮ ዝናሽንም ያመስግኑልኝ።"

አንቱ አለኝ። የወረዳው ሹም አንተ ነው የሚለኝ፣ ሙሌ አንተ ነው የሚለኝ፣ የሊስትሮ ልጆች ሳይቀሩ አንተ ነው የሚሉኝ። ጀርባዬ ላይ ያሳደግኩት የእናቴ ልጅ አንቱ አለኝ። እጁን ዘረጋ፣ ጨበጥኩት፤ ለመሳም አንገቴን ሳቀርብ እሱ እጁን አስለቅቆ ነበር። አልፎኝ ወደ ኋላ ሄደ፣ ከበሩ አጠገብ ካለችው ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀመጠና ቦርሳውን ጭኑ ላይ አደረገ።

"ይግዛው፣ ስንት ቀረ?" አለኝ ሙሌ።

ጋቢናውን አየሁት። ባዶ ነው።

"ጎንደር፣ አንድ ሰው የቀረው" ብዬ ተጣራሁ። ድምፄ እንደ ሌላው ቀን ነበር። አንድ ሰውዬ እየሮጠ መጣ።